ብድሩ በማን ስም ነው?

ዐቢይ ጾም ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አክስቴ ደወለች። ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። ስልኩን ሳነሳው እልልታዋ ቀደመኝ። ልጇን ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ከሜሪላንድ ውጭ ያለ፣ ስሙ የሚጠራ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የምትማረው ፐብሊክ ሄልዝ።

«አንቺም እሱን አይደል የተማርሽው? ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ።

መኪና እያቆምኩ ነበር። «በጣም ጥሩ ነው እታለም፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብያት ተሰነባበትን።

ያቺ «ጥሩ ነው» ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። ውሸት ስለሆነች አይደለም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን እታለም የጠየቀችኝ ልጄ በዚህ ትምህርት ራሷን ትችላለች ወይ ብላ ነው። እኔ የመለስኩላት ትምህርቱ ደስ ይላል ብዬ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ሺህ ዶላር አለ፣ እሱን አንዳችንም አላነሳነውም። ሌሊት ላይ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ እናቴን አሰብኩ።

ጎንደር የምናውቀው ፐብሊክ ሄልዝ

እታለም ያደገችው ጎንደር ነው። ለጎንደር ሰው ፐብሊክ ሄልዝ ማለት ጤና መኮንን ነው። የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ጤና መኮንን ወጥቶበታል። ጤና መኮንን ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቁስል ይሰፋል። ሐኪም ያልደረሰበት ወረዳ ላይ ሕዝቡ «ዶክተር» ብሎ ነው የሚጠራው። ስለዚህ እታለም ልጇ ፐብሊክ ሄልዝ ገባች ሲባል የሚታያት ነጭ ጋውን ነው። እናቴም በጊዜው የታያት እሱ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ማንንም ለመመርመር አያበቃም። ከኋላው ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም። የምንማረው በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚዛመት፣ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ፣ ሰው ስለ ጤናው እንዴት እንደሚወስን፣ የጤና ሕግና በጀት እንዴት እንደሚሠራ ነው። በጣም የሚጠቅም እውቀት ነው። ግን ነርስ ተመርቃ፣ ፈተናዋን አልፋ፣ ላይሰንሷን ይዛ ሆስፒታል ስትገባ ደመወዟ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። የእኛ ተመራቂ ግን ይበተናል። አንዱ ካውንቲ ይገባል፣ አንዱ ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ አንዱ የጥናት ረዳት ይሆናል፣ አንዱ ከጤና ጋር የማይገናኝ ቢሮ ይቀመጣል።

ይሄን ልዩነት የነገረን ሰው አልነበረም። እኔም ለእታለም በስልክ አልነገርኳትም።

«የትምህርት ቤት ነው»

እናቴ ዲቪ ደርሷት በ2011 ስንመጣ 14 ዓመቴ ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ መኝታ ቤት ተከራየን። እሷ ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆነች። እንግሊዝኛ ቶሎ የገባኝ እኔ ስለሆንኩ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቤት ፎርም፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋል። እዚህ ያደገ የሐበሻ ልጅ ይሄን ያውቀዋል።

በ2015 የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣ። ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ)፣ ስኮላርሺፕ፣ በእኔ ስም የሚወሰድ ብድር፣ ከታች ደግሞ ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌዴራል የወላጅ ብድር፣ 8,000 ዶላር። ሁሉም በአንድ ርዕስ ሥር፣ እንደ ስጦታ ተደርድሯል። ተደምሮ ሲቀነስ መጨረሻው፣ ከኪሳችን የሚቀረው ክፍያ፣ ዜሮ ይላል። ያችን ዜሮ ሳይ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ።

የፓረንት ፕላሱን ፎርም በኮምፒውተር የሞላሁት እኔ ነኝ። እማዬ ሳህን እያጠበች የሶሻል ቁጥሯን ነገረችኝ። የትውልድ ቀኗን ጻፍኩ። ደመወዝሽ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ይሄ ብድር የሚያየው የተበላሸ የብድር ታሪክ አለ ወይ የሚለውን ብቻ ነው። መክፈል ትችላለች ወይ ብሎ አይጠይቅም። እማዬ ያላት አንድ ክሬዲት ካርድ ነው፣ የእሱንም ዕዳ በየወሩ ከፍላ ትጨርሳለች። ወዲያው ተፈቀደ። «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው የእኔ ጣት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ እጇን እያደረቀች።

«የትምህርት ቤት ነው።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች።

በየዓመቱ እንዲሁ አደረግን። አራት ጊዜ።

በ2019 ተመረቅኩ። በስሜ ያለው ብድር 27,000 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በዓመት 7,500፤ በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ የፌዴራሉ ጣሪያ ይሄ ነው፣ እኔ እስከ ጣሪያው ወሰድኩ። አካውንቴን ስከፍት የማየው እሱን ብቻ ነው። ሌላው ስጦታ መስሎኝ ነበር። በ22 ዓመቴ ቁጭ ብዬ አልደመርኩትም። ፐብሊክ ሄልዝ ተመርቄ፣ ስታቲስቲክስ ተምሬ፣ የራሴን ቤት ሂሳብ አልሠራሁም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከማርች 2020 ጀምሮ የፌዴራል የትምህርት ብድር ክፍያም ወለድም ቆመ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ማንም ስለ ብድር አላወራም። በሴፕቴምበር 2023 ወለዱ፣ በኦክቶበር ክፍያው ተመለሰ።

በዚያው ወር አንድ ማታ እማዬ ቤት ሄድኩ። ሽሮ ሠርታ ጠብቃኛለች። እየበላን «እሙዬ፣ ያ የትምህርት ቤትሽ ተመልሶ መጣ እኮ» አለችኝ። የምን የትምህርት ቤት አልኳት። ከመሳቢያዋ ፖስታ አወጣች። ሌላውን ደብዳቤ ሁሉ የምታስነብበኝ እናቴ፣ ይሄን ብቻ ለይታ አስቀምጣው ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተበደረችው 32,000 ዶላር ነው። ወለዱ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ጀምሮ እየቆጠረ፣ መክፈያው ሲደርስ ወደ 38,000 ተጠግቷል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ ከወደኋላ የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። በአሥር ዓመት ከፍለሽ ጨርሺ ቢሏት በወር 440 ዶላር ገደማ ሆነባት። አልቻለችም። ስልክ ላይ በአስተርጓሚ ተነጋግራ 25 ዓመት አስረዘመችው። በወር 268። ከዚያ ውስጥ 218ቱ ወለድ ነው። እስከ መጨረሻው ብትከፍለው ድምሩ 80,000 ይደርሳል። ያን ማታ እማዬ 62 ዓመቷ ነበር። ብድሩ ሲያልቅ ከሰማንያ ታልፋለች።

ክፍያው ከመቆሙ በፊትም ለጥቂት ወራት ከፍላለች። እኔ ሳላውቅ፣ ከፓርኪንግ ደመወዟ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ገና ሥራ ሳትይዢ በዕዳ ልጀምርሽ?» አለችኝ። ከዚያ እንጀራ ጨመረችልኝ።

አልጎረስኩም። መብላት አልቻልኩም። እሷን ያልጠየቃት፣ ያልነገራት፣ ያስፈረማት ሰው ማን እንደሆነ እየፈለግኩ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ተቆጣሁ፣ መንግሥትን ተቆጣሁ። ዞሬ ዞሬ የምመጣው ያቺ ትንሽ ኩሽና ውስጥ የተጫነችው ጣት ላይ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ጣት ናት። ራሴን ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶብኛል። አሁንም ሙሉ በሙሉ ያለፈልኝ አይመስለኝም።

ሥራዬ የማይደርስበት ዕዳ

በዚያው ሰሞን ያወቅኩት ሌላ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እኔ የምሠራው ካውንቲ ጤና ቢሮ ነው። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚሠራ ሰው 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈለ የቀረው የፌዴራል ብድሩ ይሰረዝለታል። ሕጉ ከ2007 ጀምሮ አለ። ክፍያ የቆመበት ጊዜም ለሠራተኛው ተቆጥሮለታል። ሁሉም ደህና ከሄደ የእኔ በ2030 ያልቃል። ፐብሊክ ሄልዝ ለተማረ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ደመወዙ ዝቅ ያለ ቢሆንም ዕዳው ይነሳል።

የእማዬን ግን አይነካም። በወላጅ ብድር የሚታየው የተበዳሪው ሥራ ነው። ተበዳሪዋ እናቴ ናት፣ እናቴ የምትሠራው የግል ኩባንያ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ትምህርቱን የተማርኩት እኔ፣ ሕዝብ የማገለግለው እኔ፣ ይቅርታው ግን ለእኔ ድርሻ ብቻ። ዕዳውን ወደ ስሜ አዙሩልኝ ብል ደግሞ የፌዴራሉ ብድር ከወላጅ ወደ ልጅ አይዞርም።

ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ 268ቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። በወረቀት ግን ዛሬም የእሷ ነው። ባለፈው ክረምት ብድሮቿን አጣምረን በገቢዋ ልክ እንድትከፍል አመለከትን። እንደ እናቴ የቆየ የወላጅ ብድር ያለበት ሰው ይሄን ከጁላይ 1፣ 2026 በፊት ካላጣመረ በገቢ ልክ የመክፈሉ በር ይዘጋበታል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ፖስታ ካለ ዛሬውኑ እንዲያወጡት አድርጉ። እባካችሁ።

የማታው ስልክ

ታዲያ ትምህርቱስ? እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ።

በ2020 በጋ ላይ ካውንቲው የቀጠረኝ አማርኛ ስለምችል ነው። ሥራው ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ የነበራቸውን እየደወሉ መፈለግ ነበር። በሰዓት 22 ዶላር። በእንግሊዝኛ ሲደወልለት ስልኩን የሚዘጋ ሰው፣ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» ሲባል ዝም ብሎ ያዳምጣል። «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ የት ነው?» ይላል። አንድ ማታ ያናገርኩት ሰው ከሰባት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ሁሉም ኡበር ይነዳሉ። ራስህን ለይ ብለው የት ይለይ? ምግብ የሚያደርስለት፣ ሆቴል ክፍል የሚሰጠው ፕሮግራም እንዳለ ነገርኩት። አላመነኝም። በማግስቱ ምግቡ ሲደርሰው ደውሎ መረቀኝ። የተማርኩት ለዚህ ነው ብዬ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ፐብሊክ ሄልዝ ዋጋ የለውም የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ግን ያ ሥራ የቆመው በጊዜያዊ የወረርሽኝ ገንዘብ ላይ ነበር። በማርች 2025 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የወረርሽኝ ጊዜ ገንዘብ ከክልሎች መልሶ ሰረዘ። ክልሎች ፍርድ ቤት ሄዱ። እኔ ተረፍኩ፣ ከጎኔ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ባልደረቦቼ ኮንትራታቸው አልታደሰም። የእኛ ሙያ ሰው ሲፈራ ገንዘብ ይዘንብለታል፣ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይደርቅበታል። የብድር ወለድ ግን አይደርቅም።

ደመወዙንም በግልጽ ልናገር። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ያወጣው የመላ አገሪቱ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ፣ ማለትም ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበት፣ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ 51,030 ዶላር፣ ለጤና ትምህርት ባለሙያ 63,000 ነው። ነርስ 93,600። ኤፒዲሚዮሎጂስት፣ የበሽታ ሥርጭት አጥኚው፣ 83,980፣ ግን እሱ ማስተርስ ይፈልጋል። እኔ ስድስተኛ ዓመቴ ላይ 61,000 ነኝ። ማስተርስ አልያዝኩም፣ ምክንያቱን እስከዚህ ያነበበ ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪው በር ድረስ ያደርሳል፣ በሩን የሚከፍተው ማስተርሱ ነው። ስለዚህ አራት ዓመቱን ብቻ ማስላት አይበቃም። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የማስተርስ ተማሪ እንደ ድሮው ወጪውን ሁሉ ከፌዴራል መበደር አይችልም፣ በዓመት 20,500 ላይ ይቆማል። ለመጀመሪያው ዲግሪ ኪሷን አራግፋ የጨረሰች ልጅ ያን በር ቆማ ታየዋለች።

እታለም ቤት

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። እታለም ቡና አፍልታ፣ ቆሎ አቅርባ፣ ልጇን ጠርታ ቁጭ አልን። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አመጣችው። እጄ ተንቀጠቀጠ። አደራደሩ ያው እንደ እኔው ነው። ግራንት፣ ስኮላርሺፕ፣ የተማሪ ብድር፣ መጨረሻ ላይ ፓረንት ፕላስ፣ በዓመት 24,000። ከታች ዜሮ።

«እታለም፣ ይሄ ብድር በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«በእሷ ነዋ። የምትማረው እሷ አይደለች?»

«በአንቺ ነው።»

ሲኒውን አስቀመጠችው። ልጅቷም ቀና ብላ አየችኝ። እሷም አላወቀችም ነበር።

አዲሱ የፌዴራል የብድር ሕግ ነገሩን የባሰ አደረገው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 በላይ መበደር አይችልም። ስለዚህ የደብዳቤው 24,000 ገና ከመጀመሪያው አይሞላም። እስከ ጣሪያው ብትወስድ እንኳን ሦስት ዓመት ከሩብ ላይ ያልቃል። ለአራተኛው ዓመት የግል ባንክ ይሄዳሉ፣ ባንኩ ፈራሚ ዋስ ይጠይቃል፣ ዋሱ ማን እንደሚሆን እታለምም እኔም አላጣነውም። ተያየን።

ከዚያ ሌላውን መንገድ ነገርኳቸው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፣ ታኮማ ፓርክ ካምፓሱ ከቤታቸው ቅርብ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ፣ ከዚያ ሮክቪል ያለው የሼዲ ግሮቭ ካምፓስ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፐብሊክ ሄልዝ ሳይንስ ዲግሪውን እዚያ ያስተምራል፣ ወረቀቱም የሜሪላንድ ነው። ነርሲንግም እዚያው ግቢ አለ፣ ሐሳቧን ብትቀይር። ቤቷ እየኖረች፣ እናቷ ሳትፈርም። እኔም ከአሌክሳንድሪያ ቤታችን በአውቶቡስ 15 ደቂቃ ላይ ኖቫ፣ የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ነበረልኝ። አልገባሁም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኛ የቸገረን መስሎን ነበር፣ ያቺን አውቶቡስ ስላልቆጠርናት።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማች። «ጓደኞቼ ሁሉ እየሄዱ ነው» አለች ቀስ ብላ። ገባኝ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወደቀ የሚገባበት አድርገው ያዩታል። በቤተሰብ ግብዣ ላይ «የት ገባች?» ሲባል እታለም የምትመልሰው መልስ አለ፣ እሱም ክብር ነው፣ አልናቅኩትም። ሌሊት ሁለት ሺፍት ሠርታ ያሳደገች እናት ስም ያለው ትምህርት ቤት መጥራት ትፈልጋለች። መብቷ ነው።

«ነርስ ሁኚ ልትይኝ ነው?» አለችኝ ቀጥላ። «እኔ ደም አልችልም። ሰው ሳይታመም መድረስ ነው የምፈልገው።»

«አልልሽም። የምትፈልጊውን ተማሪ። የምነግርሽ የት እና በስንት እንደሆነ ነው።»

«አንቺ ተጸጽተሻል?»

ይሄን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ቶናው ተጥሎ ነበር፣ እታለም ውሃ ጨመረችበት። በትምህርቱ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም አልኳት። ያን ሰውዬ፣ የሰባቱን ሰዎች ቤት ነገርኳት። በፊርማው ግን በየወሩ እጸጸታለሁ። የእማዬን ነገር እዚያ ላይ አነሳሁት፣ ሙሉውን ሳይሆን ከፊሉን። እህቷ ናት፣ እታለም እንኳን አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

እስከ ሜይ 1 መልስ መስጠት አለባቸው። አልወሰኑም። እኔም አልገፋኋቸውም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳለ ልጅቷ ቴክስት አደረገችልኝ። «የእናትሽን ደብዳቤ ማየት እችላለሁ? ካልከበደሽ» ይላል። የእኔ አይደለም፣ የእማዬ ነው። ደወልኩላት። ረጅም ዝም አለች። ሬዲዮው ከኋላዋ ይሰማኛል።

«አሳዪያት» አለችኝ። «ቁጥሩን ብቻ እንዳታይ። ዕድሜዬንም ንገሪያት።»

ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ከሥሩ 62 ብዬ ጻፍኩ፣ አጥፍቼ 65 አደረግኩት። ከዚያ ማታ ወዲህ ሦስት ዓመት ጨምራለች።